የድሮ ኖኪያ፣ ጌም ቦይና ባለ መደወያ ስልክ፦ ኤሌክትሪክ ከመንካታቸው በፊት ምን ይታይ?

ሰናይት84

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ያለ ሥራ የተቀመጡ አራት ዕቃዎች አሉኝ። ያሉበት ሁኔታ ይሄ ነው፦

ኖኪያ 3310፦ ይበራል፤ ግን ስክሪኑ ላይ ግማሹ መስመር የለም። ሲም አስገባ ብሎ እዚያው ይቆማል፣ ወደ እባብ ጌሙ አያስገባም።

ኖኪያ 1100፦ ጭራሽ አይበራም። የጀርባው ክዳንም በደንብ አልገጥም ብሏል።

የመጀመሪያው ግራጫ ጌም ቦይ፦ መብራቱ አይበራም። የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያው ውስጥ ነጭና አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። ካሴቶቹ ቴትሪስ፣ ሱፐር ማሪዮ ላንድ እና ፖኬሞን ጎልድ ናቸው።

አራተኛው ቁጥሩ በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበት የቤት ስልክ ነው፤ ያለው መስመር ግን ከኢንተርኔት ራውተር ጀርባ የሚወጣው ብቻ ነው።

በኮምፒውተር ላይ እነዚህን ጌሞች የሚያጫውት ፕሮግራም እንዳለ አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ግን እባቧን በራሷ ቁልፍ፣ በዚያችው አረንጓዴ ስክሪን ላይ መጫወት ነው። ከየት ልጀምር? ምኑን ባልነካ ይሻላል?

ቀፎ_ጠጋኝ

ሰላም ሰናይት። ከ1100 ልጀምር፣ አደጋ ያለው እሱ ላይ ነው። ክዳኑ አልገጥም ያለው ባትሪው ስላበጠ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቻርጀር እንዳትሰኪበት። ባትሪው ቢኤል-5ሲ የሚባለው ሊቲየም ነው፤ ሲያረጅና ባዶውን ብዙ ሲቀመጥ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል። አውጥተሽ ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስተኚውና በጣትሽ አሽከርክሪው። ደህናው ባትሪ ወዲያው ይቆማል፤ ያበጠው እንደ እንዝርት ይሾራል። ያበጠውን አትጫኚው፣ አትብሺው፤ የብረት ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነሽ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ስጪ። ቢኤል-5ሲ እስካሁን በትንንሽ ሬዲዮና ስፒከር ውስጥ ስለሚገባ አዲሱን ማግኘት አይከብድም።

ያላበጠ ከሆነ በቴስተር ለኪው። ከ3 ቮልት በላይ ካሳየ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከአጠገቡ አትራቂ፣ ከሞቀ ወዲያው ንቀይ። ከ2.5 በታች ከወረደ ተዪው። እስከዚያ የወረደ ሊቲየም ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ እንደገና ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ ሌላ ቦታ ላይ ይረጋና ባትሪው ከውስጥ ሾርት ያደርጋል። ቮልቱ ተመልሶ ስለወጣ ብቻ ባትሪው ድኗል ብለሽ አትመኚው።

ወደ 3310። ይህ ስልክ ያለ ሲም ሜኑውን አይከፍትም፣ ስለዚህ ጌምም የለም። ሲሙ መሥራት ግን አይጠበቅበትም። አገልግሎቱ የተቋረጠ አሮጌ ሲምም ቢሆን፣ ፒን ኮዱ እስካልተቆለፈ ድረስ፣ ወደ ሜኑው ያስገባሻል። መጠኑ 25 በ15 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ሲም ነው። ትንሿን ናኖ በማቀፊያ ካስገባሽ ከጀርባዋ ስስ ፕላስተር ለጥፊባት፤ ናኖ ከትልቁ ሲም ትንሽ ስለምትሳሳ ከማቀፊያው ሾልካ የስልኩን የሲም ጥርሶች ታጣምማለች። አንዳንድ አዳዲስ ሲሞችን ደግሞ 3310 ጨርሶ አይቀበላቸውም፤ ያኔ ስልኩ ተበላሸ ብለሽ ሳትደነግጪ ሌላ አሮጌ ሲም ሞክሪ።

የስክሪኑ መስመር መጥፋት በአብዛኛው የንክኪ ችግር ነው። የ3310 ስክሪን በብየዳ አልተያያዘም፤ ከጀርባው ያሉ ጥቃቅን ሞላዎች ቦርዱ ላይ ተጭነው ነው የሚያገናኙት። ክዳኖቹንና ባትሪውን አውጪ፣ ዙሪያውን ያሉትን ስድስት ብሎኖች ቶርክስ ቲ6 በሚባለው ባለ ኮከብ ጫፍ ካቻቢቴ ፍቺ፣ ቦርዱን ቀስ ብለሽ አንሺ። የቦርዱን ወርቃማ ነጥቦችና የሞላዎቹን ጫፍ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በነከርሽው የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጊ። ሞላዎቹን ወደ ጎን አትግፊ፣ አንዷ ከተጣመመች ያው መስመር ተመልሶ ይጠፋል። ስትገጥሚ ብሎኖቹን ሁሉንም በየተራ በጥቂቱ አጥብቂ፤ አንዱን ጥግ ብቻ ካጠበቅሽ ስክሪኑ ያዘነብልና በሌላኛው ጥግ ንክኪ ይጠፋል።

እግረ መንገድሽን ከቁልፎቹ ሥር ያሉትን የብረት ጉልላቶች ንኪያቸው። በእባብ ጌም 2፣ 4፣ 6 እና 8 ቁጥሮች ናቸው የሚደበደቡት። ስትጫኚ ጠቅ የማይል ካለ ሥሩ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ጉልላቱ ተሰንጥቋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ 3310 ላይ ያለው ሁለተኛው የእባብ ጌም ነው፤ እባቧ ግድግዳ በሌለበት ሜዳ በአንዱ ጠርዝ ወጥታ በሌላው ትገባለች። ጠርዙ የሚገድለው የመጀመሪያው ጌም ከ1997 ጀምሮ በኖኪያ 6110 ላይ የመጣው ነው። የምትናፍቂው እሱን ከሆነ 3310 አይሰጥሽም።

ካሴት_በካሴት

ጌም ቦዩን ለእኔ ተዉልኝ።

የተጋገረው የባትሪ ድንጋይ ፍሳሽ ነው። አልካላይን ባትሪ ሲፈስ የሚወጣው በባሕርዩ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ ውኃ ብቻውን አያነሳውም፣ አቸቶ ያስፈልገዋል። ጓንት አድርጊ። ጥጡን በነጭ አቸቶ አርሰሽ ንኪው፤ መፍላት ከጀመረ እየሠራ ነው። ፍላቱ እስኪቆም ደጋግሚ፣ ከዚያ አቸቶውን ራሱን በትንሽ ውኃ፣ በመጨረሻም በአልኮል አጽጂ። አቸቶ ከቀረበት በተራው ብረቱን ይበላዋል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህችን ደረጃ ዘሎ ነው። አረንጓዴው መዳቡ መበላቱን ስለሚያሳይ ከሞላው ጋር የተያያዘውን ሽቦ በቀስታ ሳቢው፣ ከተበጠሰ እንደገና መበየድ አለበት።

ከጸዳ በኋላ አራት አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች አስገቢና በሁለቱ የመጨረሻ ጫፎች መካከል ለኪ፤ 6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ቮልቱ እዚያ ካለና መብራቱ ካልበራ ማብሪያውን ጠርጥሪ። ባትሪውን አውጥተሽ ማብሪያውን ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አድርጊው፣ የዛገው ንክኪ ይፋቃል። ከበራም በኋላ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ በጎን ያለችውን የድምቀት ጎማ አዙሪ፤ ስንቱ ጤነኛ ጌም ቦይ በእሷ ምክንያት ተጥሏል! ቀጥ ብለው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች ከጠፉ ግን ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ስስ ሪባን ለቋል፤ እሱ በሙቀት ተመልሶ ይጣበቃል፣ ሥራው ትዕግሥት ያለው እጅ ይፈልጋል።

ስለ ካሴቶቹ፦ ቴትሪስና ሱፐር ማሪዮ ላንድ ውስጥ የማስቀመጫ ባትሪ የለም፣ አትክፈቻቸው። ፖኬሞን ጎልድ አለው። ጌሙ ራሱ በቋሚ ቺፕ ላይ ስለሆነ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ያስቀመጥሽው ጨዋታ ነው። የጎልድ ካሴት ሰዓት ስላለበት ባትሪው ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ቶሎም ያልቃል። መጠኑ ሲአር2025 ነው። ካሴቱ የሚከፈተው 3.8 ሚሊ ሜትር በሆነ ልዩ ካቻቢቴ ነው። ጨዋታው ገና በሕይወት ካለ መጀመሪያ በካሴት ማንበቢያ ወደ ኮምፒውተር ቅጂው፤ ባትሪው ሲነሳ ይጠፋልና። የብረት ጆሮ በፋብሪካ የተገጠመለትን ባትሪ ግዢ። ጆሮ በሌለው ባትሪ ላይ በቀጥታ አትበይጂ፣ ሙቀቱ ባትሪውን ያበላሸዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የድሮውን ስታነሺ የትኛው ጎን ፕላስ እንደነበር ፎቶ አንሺ፤ ቦርዱ ላይም ተጽፏል።

ላጲስ_በቂ_ነው

የካሴቱን ጥርስ በላጲስ ፈግፍጎ መጨረስ ይቻላል እኮ፣ ይህ ሁሉ አልኮል ምን ያደርጋል? ካልሆነም እፍ ማለት ነው።

ካሴት_በካሴት

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ባትመክር ደስ ይለኛል። ጥርሱ ላይ ያለው ወርቅ በጣም ስስ ቅብ ነው፤ ላጲስ ደግሞ ይፍቃል። አንዴ መዳቡ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ዝገት ማቆሚያ የለውም። ላጲስ በአልኮል እምቢ ላለ ጥቁር ነጥብ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። እፍ ማለት ደግሞ ምራቅና እርጥበት ይረጫል። የሚሠራ የሚመስለው ካሴቱ ወጥቶ ሲገባ ጥርሱ በአዲስ ቦታ ስለሚነካ ነው፤ ሳይነፋም አውጥቶ ማስገባቱ ያንኑ ያደርጋል።

በቴሌቪዥን የሚሠሩ የኔንቲዶ ማጫወቻዎች ላላችሁም አንድ ማሳሰቢያ፦ የአሜሪካው ኤንኢኤስ ቻርጀር 9 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው፣ የጃፓኑ ፋሚኮም ግን 10 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር) ይፈልጋል፣ የመሰኪያው መሃልም ማይነስ ነው። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ የሰካ ሰው ማጫወቻውን ያቃጥለዋል። የእነዚህ ማጫወቻዎች የመተኮሻ ጠመንጃ ደግሞ የሚሠራው በድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው። ዒላማው በጨረሩ የሚሳልበትን ቅጽበት ስለሚያነብ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ጠመንጃው አልተበላሸም፣ የሚያየው ነገር የለም እንጂ።

ጋሽ_ሽቦ

ልጄ ሰናይት፣ ስለ ቤት ስልኩ ማንም አላነሳውም። እሱ ከሁሉም ጠንካራው ነው።

መደወያው ሲመለስ መስመሩን እየቆረጠ ይቀጥላል፣ በሰከንድ 10 ጊዜ። 5 ስትደውዪ አምስት ጊዜ ይቆርጣል፣ 0 አሥር ጊዜ። ስለዚህ ፍጥነቱን ለማወቅ 0ን ደውለሽ የመመለሻውን ጊዜ ስሚ፤ አንድ ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። ሁለት ሰከንድ ከወሰደ ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቋል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ዘንግ በሚሽከረከርበት ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አድርጊ። የሚረጭ ዘይት አይሆንም፤ ንክኪዎቹ ላይ ይደርስና ቁጥር ያዛባል። ሌላም አለ፦ የድሮ የስዊድን መደወያ 0 ከ1 በፊት ነው የሚመጣው፣ ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ይዛነፋል። የአንቺ እንዲያ ከሆነ ስልኩ ጤነኛ ነው፣ መስመሩ ግን አይረዳውም።

ራውተሩ ላይ ከመልፋትሽ በፊት ሰክተሽ እጀታውን አንሺ። የመስመሩን ድምፅ ከሰማሽ አንድ ቁጥር ደውዪ። ድምፁ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ራውተሩ ይህን አደዋወል አያውቀውም፤ ጥሪ መቀበል ትችያለሽ፣ ለመደወል ግን በመሃል የሚገባ፣ ቆረጣውን ወደ ቁልፍ ድምፅ የሚለውጥ መቀየሪያ ሣጥን ያስፈልግሻል። ደወሉ ደክሞ ከተሰማ ራውተሩ በቂ ኃይል አይሰጠውም፣ ሌላ ስልክ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ ንቀይው። ሽቦውን በባዶ እጅ አትያዢ፤ መስመሩ ዝም ሲል 48 ቮልት ገደማ ነው፣ ሲጠራ ግን እስከ 90 የሚደርስ ኤሲ ይመጣበታል።

ሰው ድምፅሽ ይንኳኳል ካለሽ የመናገሪያውን ክዳን ፍቺና ክብ ካፕሱሉን መዳፍሽ ላይ ቀስ ብለሽ አንኳኪው። ውስጡ የከሰል ቅንጣት ነው፣ ሲቀመጥ ይረጋል።

ሰናይት84

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ሙከራ አድርጌዋለሁ፤ ድምፁ አልተቋረጠም፣ ስለዚህ መቀየሪያውን እፈልጋለሁ። የ1100 ባትሪም ጠረጴዛ ላይ ሾሯል፣ ተወግዷል። አንድ የቀረኝ፦ ከተሠሩ በኋላ በማልጠቀምባቸው ወራት እንዴት ላስቀምጣቸው?

ቀፎ_ጠጋኝ

ሊቲየሞቹን ሙሉ አድርገሽም ባዶ አድርገሽም አታስቀምጪ። 3.7 ወይም 3.8 ቮልት ላይ ሲደርሱ ከስልኩ አውጥተሽ ለየብቻ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አኑሪ፣ በየስድስት ወሩ ለክተሽ ከ3.5 በታች ካሉ ትንሽ ቻርጅ አድርጊያቸው። ከጌም ቦዩ የባትሪ ድንጋዩ ይውጣ፤ የፖኬሞኑ ባትሪ ግን እዚያው ይቆያል። ስክሪን ያለውን ሁሉ ከፀሐይ አርቂ፣ በላዩ ያለው ስስ ሽፋን በሙቀት ይበላሻልና። ሲሙን 3310 ውስጥ ተዪው፣ ጌሙን ለመክፈት ሌላ ጊዜ ፍለጋ እንዳትገቢ።