«ኅድግ ለነ»፣ «ይፍቱኝ»፣ «ይቅር»፦ ከፍቺ በኋላ ስላሉ የይቅርታ ቃላት

ጥያቄ

ከቀድሞ ባለቤቴ ጋር የነበረን የሰማንያ ጋብቻ በፍርድ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል። በቅርቡ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ልከው «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» ሲሉኝ፣ ከልቤ ይቅር ማለቴን ነገርኋቸው። እነርሱ ግን «እንግዲያው ቤትሽ ግቢ፤ ይቅር ያለ ሰው ይታረቃል» አሉኝ፤ ከመካከላቸው አንዱም የነቢዩ ኤርምያስን «ተመለሺ» የሚለውን ቃል ጠቀሰልኝ። ይቅር ማለትና መታረቅ በቋንቋችንም ሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ናቸውን? መልሴን በጽሑፍ ልሰጣቸው ስለሆነ ቃሉን በቦታው ላውለው እወዳለሁ።

መልስ

ውድ እህታችን፣ አንድ አይደሉም። ይህንንም በድፍረት የምለው ሁለቱ ቃላት ሲቀላቀሉ በይቅርታ ስም በሰው ላይ ቀንበር ሲጫን ደጋግሜ ስላየሁና ነገሩ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

«ይቅር» የመጣው «ቀረ» ከሚለው ግስ ነው። ይቅር የሚል ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ዕዳ እንዳለ ያውቃል፤ ዐውቆም «ይህ ዕዳ ይቅር፣ አልጠይቅበትም» ይላል። ስለዚህ ይቅር ለማለት የሌላው ወገን ፈቃድ አያስፈልግም፤ በዳዩ በሕይወት ባይኖር እንኳ ይቅር ሊባል ይችላል። «መታረቅ» ግን ያለ ሁለት ወገን የማይሆን ግስ ነው፤ ማንም ብቻውን አይታረቅም። ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 7፥11 ላይ ከባልዋ ስለ ተለየች ሴት ሲጽፍ «ሳታገባ ትኑር ወይም ከባልዋ ትታረቅ» ይላል። እዚህ ላይ «ወይም» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ዕርቁን እየወደደውና እየመከረው እንኳ ብቸኛ መንገድ አላደረገውም።

ወደ ግእዙ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። ሁላችንም በቃል የምናውቀው አቡነ ዘበሰማያት «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ» ይላል። «ኀደገ» ማለት ተወ፣ ለቀቀ ማለት ነው፤ ይኸው ግስ በግእዙ ወንጌል ሚስትን መፍታትንም ይገልጻል። ይህ የግእዝ ብቻ ጠባይ አይደለም። በግሪክኛው ወንጌል ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ ሲጠይቁ የተጠቀሙበት «አፖሉኦ» የሚለው ግስ፣ በሉቃስ 6፥37 ጌታ «ይቅር በሉ ይቅርም ትባላላችሁ» ባለበት ቦታም ይገኛል። በማቴዎስ 1፥19 ደግሞ ዮሴፍ ማርያምን «በስውር ሊተዋት አሰበ» የተባለው በዚሁ ግስ ነው፤ አማርኛው በዚያ ቦታ «ሊፈታት» ሳይል «ሊተዋት» ማለቱ የግሱን መሠረት ጠብቆ ያሳያል።

ከዚህ ተነሥቶ «ፍቺና ይቅርታ አንድ ናቸው» የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። የሰው እጅ ለቅቆ ማባረርና የሰውን ዕዳ ለቅቆ መተው አንድ ግስ ቢጋሩም አንድ ሥራ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ጌታ በማቴዎስ 19፥8 «ስለ ልባችሁ ጥንካሬ» የተፈቀደ ነው ሲል፣ ሁለተኛውን በየዕለቱ በምንጸልየው ጸሎት ውስጥ አኑሮታል። የተፈታ ሰው የሚያስፈልገው ሁለተኛው መልቀቅ ነው፤ እርሱም ቢሆን በዳዩን ወደ ቤት ማስገባትን በውስጡ አልያዘም።

ኤርምያስን ስለ ጠቀሱልዎ ሽማግሌ ልመልስ። ምዕራፍ 3 የሚጀምረው በዘዳግም 24 ሕግ ነው፤ የተፈታች ሴት ሌላ ባል ካገባች በኋላ የፊተኛው ባልዋ ሊመልሳት እንደማይችል ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ለከዳችው እስራኤል የፍቺዋን ደብዳቤ እንደ ሰጣት ይናገራል፤ «ተመለሺ» የሚለውም ቀጥሎ ነው። ጥሪው ከማን ወደ ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ጠሪው የተከዳው ነው፣ ተጠሪውም ከዳተኛው ወገን ነው፤ ወዲያውም በቁጥር 13 ኃጢአትሽን እወቂ ይላታል። ይህን ጥሪ ከተበደለው ሰው አፍ ወስዶ፣ በዳዩ ጥፋቱን ሳያውቅ፣ ተበዳዩን «ተመለሺ» ማለት የነቢዩን ቃል መገልበጥ ነው። ሽማግሌው በቅን ልብ እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ጥቅሱ ግን አይረዳቸውም። በሚልክያስ 2 ያለው «መፋታትን እጠላለሁ» የሚለው ቃልም የተነገረው የልጅነት ሚስቱን ለከዳ ባል ነው፤ የተከዳችው በዚያ ምዕራፍ እግዚአብሔር ራሱ ምስክር የሆነላት ናት።

ሌላ አባል

በተሰጠው መልስ ላይ ስለ «ፈታ» ትንሽ ልጨምር። «ፍቺ»፣ «ፍትሕ» እና «ፍትሐት» ሁሉም «ፈትሐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጡ ናቸው። ምእመን ካህን ሲያገኝ «አባ ይፍቱኝ» ይላል፤ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ወይም «ይፍታሽ» ይላሉ። በየሰፈሩ «ፈት» እየተባለች በዚህ ቃል የምትሸማቀቅ ሴት በንስሐ አባቷ ፊት ስትቀርብ በዚያው ግስ መፈታትን ትለምናለች፤ በአንደኛው ከሰው ትለያለች፣ በሌላው ከእስራት ትወጣለች። «ሰማንያ ቀደዱ» የሚለው አነጋገራችንም ፍቺ ውሉን ማፍረስ መሆኑን ብቻ ይናገራል። በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ ግን ሌላ ነገር ነውና፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለበት ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር ይገባዋል።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «ይቅር ብያለሁ» የሚለውን ብቻ ብጽፍ ሽማግሌዎቹ እንደገና «ታርቃለች» ብለው እንዳይረዱኝ እሰጋለሁ። እንዴት ብዬ ልጻፈው?

መልስ

«ይቅርታ አድርጌያለሁ» ከማለት ይልቅ የተዉትን ነገር በስሙ ይጥሩት፤ ያን ጊዜ ያልተዉት ነገርም ይለያል። ለምሳሌ እንዲህ ሊጽፉ ይችላሉ፦ «በእኔ ላይ ያደረሰውን በደል ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቼለታለሁ፤ አልከስበትም፣ በክፉም አላነሣውም፣ ልጆቹም በአባትነቱ እንዲያከብሩት አደርጋለሁ። ወደ ትዳር መመለስን ግን አልፈቀድሁም፤ ይህንም የምለው በቂም አይደለም።» የልጆቹን ነገር የጨመርሁት ልጆች ካሏችሁ ብዬ ነው፤ ከሌሉ ይውጣ። «ፈቀድሁ» የሚለውን ግስ የመረጥሁት ደግሞ ሽማግሌዎቹ «አልችልም» ለሚል ሰው ምክር፣ «አልፈለግሁም» ለሚል ሰው ተግሣጽ ስለሚያዘጋጁ ነው፤ «አልፈቀድሁም» ግን ጉዳዩ በእርስዎ ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑን በአክብሮት ያሳውቃቸዋል።