ማንንም ሳይነካ እርዳታ ለጠየቀ ሰው ሚስጥሩ ይጠበቅለት?

ትዕግስት፦ ለክርክር ያመጣሁት ይህን ነው። በልጆች ላይ ወሲባዊ ስሜት እንደሚያድርበት የተረዳ ሰው፣ ስሙን ሳይናገር በኢንተርኔት ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ይነጋገር ወይስ አይነጋገር? በርሊን ያለው ሻሪቴ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እንዲህ ላሉ ሰዎች በሚስጥር ሕክምና ይሰጣል። እኔ ይነጋገር ባይ ነኝ። ፖሊስም ፍርድ ቤትም የሚደርሱት ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ብሩክ፦ አልስማማም። የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ። ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ይዞ፣ ሐኪሙ እያወቀ እኔ አባቷ የማላውቅ ከሆነ ልጄን ማን ጠበቃት?

ትዕግስት፦ ሚስጥሩ ቢነሳ እኮ ለአንተ መጥቶ አይነግርህም፤ ለሐኪሙም መናገሩን ይተዋል። ያኔ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ሄለን፦ በ9 ዓመቴ ደርሶብኛል። ያደረገው የቤተሰብ ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ «ስሜቱ ከወጣትነቴ ጀምሮ ነበረብኝ፣ ለማን ልናገር?» አለ። አልራራሁለትም፤ ዛሬም አልራራለትም። ግን «ለማን» ያላት ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። የሚነግረው ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አድሬአለሁ። ስለዚህ ይከፈት እላለሁ። ለእነሱ በር ሲከፈት ግን እኛ የተጎዳነው ለሕክምና ወረፋ እንዳንጠብቅ።

ብሩክ፦ ሄለን፣ እንዲህ ስላልሽ አከብርሻለሁ። ግን ይሠራል የሚለው ማስረጃ የታለ? የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተመውን ጥናት አንብቤዋለሁ። 8 ሳምንት በኢንተርኔት የተሰጠ ሕክምና ነው፤ ተሳታፊዎቹ 160፣ ብዙዎቹም ከዳርክ ዌብ፣ ማለትም ሰዎች ማንነታቸውን ደብቀው ከሚገቡበት የኢንተርኔት ክፍል የመጡ። የልጆች ጥቃት ምስል የሚያዩበት ሰዓት ቀነሰ ተባለ። ቀነሰ ያሉት ራሳቸው ናቸው! ደግሞ እነዚህ «ማንንም ያልነኩ» አይደሉም፤ ከእያንዳንዱ ምስል ጀርባ የተጎዳ ልጅ አለ።

ሳሙኤል፦ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ብሩክ ያለው ስለ ምስሎቹ እውነት ነው፤ ማየቱም ወንጀል ነው። ማስረጃውም ገና ቀጭን ነው። ሆኖም ያው ጥናት የማነጻጸሪያ ቡድን ነበረው፤ ሕክምናውን ያገኙት ከዚያኛው ቡድን ይበልጥ ቀንሰዋል። ሥራው ደግሞ ማባበል አይደለም። ሰውየው ለራሱ የሚነግረውን ሰበብ በጽሑፍ እናስቀምጠዋለን፦ «ልጁ ራሱ ይወደኛል»፣ «አይጎዳም»። ከዚያ አንድ በአንድ እናፈርሰዋለን። ከልጅ ጋር ብቻውን የሚሆንበትን ሰዓትና ቦታ ዘርዝሮ እንዴት እንደሚርቅ ያቅዳል።

ሄለን፦ በመሃል «ልጁ አሁን አጠገቤ ነው» ቢልህስ?

ሳሙኤል፦ ሚስጥሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል።

ብሩክ፦ ስሙን ካልነገረህ ለማን ትደውላለህ?

ሳሙኤል፦ ለማንም መደወል አልችልም። ያለኝ ንግግሩ ብቻ ነው፤ ከቤት እስኪወጣ ወይም ሌላ አዋቂ እስኪጠራ ይዤው እቆያለሁ። ካልሰማኝ ልጁን ላተርፈው አልችልም። አገልግሎቱ ይኑር የምለው ይህንን እያወቅሁ ነው።

ብሩክ፦ እኔም የምቃወመው በዚህችው ምክንያት ነው። አደጋ ሲመጣ የሚከፈት ስም የሆነ ቦታ ይመዝገብ፤ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ትዕግስት፦ ስም ከተጠየቀ ስንቱ ይመጣል?