ማዕድና ቁርባን መቼ ተለያዩ? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አምልኮ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። ጾሙ አላስቸገረኝም፤ ዲዳኬ (የሐዋርያት ትምህርት የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ) ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ይላል፣ ልጆቹም ቤታቸው የሚያዩት ነው። ራሴን ያዞረኝ ማዕዱ ነው፤ ምእመናን አብረው ይበሉት የነበረው የፍቅር ማዕድ ማለቴ ነው።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል ብሎ ሲቆጣ፣ የጌታ እራት ከሙሉ ምግብ ጋር ይበላ እንደነበር ያስታውቃል። ዲዳኬም መጀመሪያ በጽዋው፣ ከዚያ በእንጀራው አመስግኑ ይልና ከጠገባችሁ በኋላ የሚባል ሌላ ጸሎት ይጨምራል። መጥገብ እኮ ነው የሚለው!

የሮም ገዥው ፕሊኒ ደግሞ በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዛሬዋ ሰሜናዊ ቱርክ ለንጉሡ ትራጃን ሲጽፍ፣ ክርስትናን ትተናል ያሉ ሰዎች የነገሩትን ያስቀምጣል፦ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበን ለክርስቶስ እንዘምር ነበር፣ ላለመስረቅና ላለማመንዘር እንምል ነበር፣ ከዚያ ተበትነን ምግብ ለመብላት እንደገና እንገናኝ ነበር፣ ማኅበር ሲከለከል ግን ይህንንም ተውነው። በ155 ገደማ የክርስትና መምህሩ ሰማዕቱ ጀስቲን ስለ አምልኮው ሲጽፍ ግን ንባብ፣ ስብከት፣ ጸሎት፣ ከዚያ ኅብስትና ውኃ የገባበት ወይን ብቻ ነው። እራቱ የት ገባ?

ፕሊኒ የሚለው ምግብ ቁርባኑ ነው ወይስ የፍቅር ማዕዱ? የለያያቸው ክልከላው ነው ወይስ የቆሮንቶሱ ዓይነት ብጥብጥ? አንድ ወዳጄ «ሁለቱም» ብሎ ገላገለኝ፣ ማስረጃ ስለው ግን ዝም። የአባቶችን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ምዕራፉን ጠቁሙኝ፤ የማስተምረው እሑድ ነው።