«የበረዶ መደርደሪያ» ወይስ ሌላ ስም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከባሕር ዳር ነው። ለተማሪዎቼ ስለ አንታርክቲካ ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ ከየብስ ወርዶ ውቅያኖስ ላይ የተዘረጋው ወፍራም በረዶ «የበረዶ መደርደሪያ» ተብሎ ተተርጉሞ አገኘሁት። ለልጆቹ መደርደሪያ ዕቃ የሚቀመጥበት፣ በረዶም በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። «ሙቅ የባሕር ውኃ ከሥር ያቀልጠዋል» የሚለውስ እንዴት ይታያችኋል?

መልስ፦ መምህር፣ መደርደሪያው ይቅርብዎ። «ተንሳፋፊ ግግር በረዶ» ይበሉ፤ ነገር ግን የባሕሩ ውኃ ራሱ ረግቶ ከሚሠራው ስስ በረዶ እንዲለይ፣ መጀመሪያ ላይ «ከየብስ የወረደ» የሚል ይጨመርበት። ቀድሞውኑ ውኃ ላይ ያለ ስለሆነ፣ እርሱ ራሱ ሲቀልጥ የባሕሩን ከፍታ እምብዛም አይጨምርም። ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የዘመመ ቤት ደግፎ እንደሚያቆም ባላ፣ ከኋላው ከየብስ የሚገፋውን በረዶ ይዞ ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ላርሰን ቢ ከተባለው ግግር 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከጣና ሐይቅ ጥቂት የሚሰፋ፣ በሳምንታት ውስጥ ሲሰባበር ከኋላው የነበሩት የበረዶ ወንዞች ፈጥነው ወደ ባሕር መውረድ ጀመሩ። (እዚያ ግን ትልቁ ድርሻ የአየሩ ሙቀት ነበር።)

ሌላ መልስ፦ እኔን ያሳሰበኝ «ሙቅ» ነው። በምዕራብ አንታርክቲካ፣ በአሙንድሰን ባሕር በኩል ወደ ግግሩ ሥር የሚገባው ጥልቅ ውኃ ከዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ነው፤ ከጣና ዳር ሆኖ ይህን ሙቅ የሚል ሰው የለም። የባሕር ውኃ ግን ገጹ ላይ በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ወደ ጥልቁ በተወረደ ቁጥር ግፊቱ ይህን መጠን የበለጠ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ያ ውኃ ለግግሩ ሥር ከ3 ዲግሪ በላይ ትርፍ ሙቀት ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ «በረዶ ከሚሆንበት መጠን የሞቀ» ብለው ቁጥሩን ያስከትሉ። ስለ ወደፊቱ ሲጽፉም፣ ምድር ካጠራቀመችው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ መሆኑን አይተዉት፤ አየሩ መሞቁን ቢያቆም እንኳ ያ ሙቀት ወዲያው አይወጣም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ባላውንም ቁጥሩንም ወስጃለሁ። ለግሡ «ከሥር ይሸረሽረዋል» ብልስ?

መልስ፦ «ሸረሸረ» ጎርፍ አፈር ጠርጎ መውሰዱን ያመጣል፤ እዚህ የሚሠራው ሙቀት ነው። «ቦረቦረ»ም ለነቀዝ ይሁን። «ከሥር እየቀለጠ ይሳሳል» ቢሉ ደስ ይለኛል፤ ባላው የሚደክመው ገና ሳይሰበር፣ በመሳሳቱ ብቻ ነውና። በረዶው ከመሬት ለቅቆ መንሳፈፍ የሚጀምርበት መስመር ወደ የብስ ሲገባ ደግሞ «ያፈገፍጋል» ይበሉ። ትዌይትስ በሚባለው ግግር የሥሩ መሬት ወደ ውስጥ እየጎደጎደ ስለሚሄድ፣ ባፈገፈገ ቁጥር ለውኃው የሚጋለጠው በረዶ እየወፈረ ይመጣል።