ባሕር ዳር፣ 21 ካሬ ክፍል፦ ኤልኤስ50 ሜታ ወይስ ሄረሲ 4?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሙዚቃ ብቻ የለየሁት ክፍል 4.1 በ5.2 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.8። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። በአጭሩ ግድግዳ በኩል ሐይቁን የሚያይ ሰፊ መስኮት አለ። የማዳምጠው ማሲንቆ፣ በገና፣ የድሮ ባንዶችና ትንሽ ጃዝ። አምፕሊፋየሩ በ8 ኦም 100 ዋት ነው። ስፒከር ልገዛ ነው፤ ምርጫዬ ኬኢኤፍ ኤልኤስ50 ሜታና ክሊፕሽ ሄረሲ 4 ላይ ደርሷል። ከውጭ ስለሚመጣ አልወደድኩትም ብሎ መመለስ የለም። የቱን ትላላችሁ?

ማሚቶ፦
መጀመሪያ ክፍሉን አስላው። 172ን (የድምፅ ፍጥነትን ግማሽ) ለእያንዳንዱ ልኬት አካፍል፦ 33፣ 42 እና 61 ኸርዝ (በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት) ይመጣልሃል። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) የሚያብጠው እዚያ ላይ ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ቤዝ አያሳልፍም፣ እዚያው ያጉረዋል። ኤልኤስ50 ሜታ በአምራቹ ልክ ከ79 ኸርዝ በታች መውረድ ይጀምራል፣ ስለዚህ እነዚህን ሦስቱን ብዙም አይቀሰቅስም። ሄረሲ 4 በ12 ኢንች ዉፈሩ (የቤዝ ድምፅ ማውጫው) እስከ 48 ስለሚወርድ 61ዱን በደንብ ይነካዋል። የድሮ ባንዶች ቅጂ ላይ ከ50 በታች ይህን ያህል የሚያጓጓ ነገር ስለሌለ ኤልኤስ50ን ብትመርጥ የምታጣው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በገና ነው። ያ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው ክሩ እንዝራውን (ከክሩ ሥር የምትገባዋን ቁራጭ ቆዳ) ሲነካካ ነው፤ ጥሩ ስፒከር ላይ ንዝረቱ ከዜማው ጋር ተጣብቆ ይሰማል። ኮርኒስህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የቱ እንዝራ፣ የቱ ቺፑድ እንደሆነ መለየት አትችልም! ስፒከሩ ሲገባ ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ አጫውትና የሚንጣጣውን ቦታ በእጅህ ፈልግ። ቺፑዱ ሞራሌው ላይ በሚስማር ብቻ ከተመታ በብሎን አጥብቀው።

አቀማመጥ፦ ስፒከሮቹ ከአጭሩ ግድግዳ ተነስተው በክፍሉ ርዝመት ይጩኹ። በመካከላቸው 2 ሜትር ካደረግህ ከጎን ግድግዳ 1.05 ይቀራል። ከኋላም 1 ሜትር እንዳታደርገው፤ ሁለቱ ርቀቶች ሲቀራረቡ 82 ኸርዝ አካባቢ የሚፈጠረው ጉድጓድ (ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ ዋናውን የሚያዳክምበት ቦታ) ይደራረባል። 75 ሴንቲ አድርገው፣ የኋላው ጉድጓድ ወደ 114 ይሄዳል። ወንበርህ ከኋለኛው ግድግዳ 2 ሜትር ይራቅ። ግድግዳ ተደግፎ ማዳመጥ ቤዙን ያዛባዋል።

ሰባት ክር፦
በስሌቱ እስማማለሁ፣ በመደምደሚያው ግን አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የስፒከሩ ኮን ያው ያህል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ድምፁ ወደ 2 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀነሳል። ኤልኤስ50 በእኩል ኃይል በሚሰጠው 85 ዲሲቤል ድሮም ጠንካራ አምፕ (አምፕሊፋየር) የሚፈልግ ስፒከር ነው። ሄረሲ 4 በአምራቹ ቁጥር 99 ነው፦ የ14 ዲሲቤል ልዩነት ማለት 25 እጥፍ ኃይል ነው። ኤልኤስ50 በ100 ዋት የሚሰጠውን ሄረሲ በ4 ዋት ይሰጣል። የከበሮ ምት ላይ ያለው ቅልጥፍና የሚመጣው ከዚህ ትርፍ ነው። 61 ኸርዙን ደግሞ በኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ በሚያስተካክለው) 4 ወይም 5 ዲሲቤል መቀነስ ይቻላል፤ የሌለውን ድምፅ ግን መጨመር አይቻልም።

ማሚቶ፦
በኢኳላይዘር እብጠትን መቀነስ ይቻላል፣ ልክ ነህ። ግን ጠያቂው በ2.65 ሜትር ነው የሚቀመጠው። የኬኢኤፉ ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ማውጫ) ዉፈሩ መሐል ስለተተከለ ድምፁ ቅርብም ሆነህ ከአንድ ነጥብ ይመጣል። ሄረሲ ሦስት ድምፅ ማውጫ አለው፣ ራቅ ሲሉት ነው የሚዋሃድለት። ለድግስ ቢሆን ኖሮ ሄረሲ እል ነበር።

ጣና ዳር፦
እሺ፣ ወደ ኤልኤስ50 እያዘነበልኩ ነው። ማስተጋባቱስ? በእጅ ሳጨበጭብ "ጭርርር" ይላል። የፋብሪካ ፓነል እዚህ የለም።

ማሚቶ፦
ጥጥ አለ አይደል? 60 በ120 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 10 የሆነ የእንጨት ፍሬም አሠራ፤ በእያንዳንዱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የተነደፈ ጥጥ ሙላ፤ ፊቱን በአቡጀዴ አልብስ። ላስቲክ አታልብሰው፣ ላስቲክ ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ይወረውረዋል። ጥጥ በጊዜ ብዛት ወደ ታች ይሰባሰባል፣ ስለዚህ በየ20 ሴንቲው ከፊት ወደ ኋላ በክር ስፋው። 6 ፍሬም ይበቃል። ለሁለቱ ጎን ግድግዳዎች፦ አንተ ወንበሩ ላይ ሆነህ ሰው መስታወት ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ ስፒከሩ የታየህበት ቦታ ፍሬም ይሰቀልበታል። የተረፈው ከወንበሩ ኋላ። ከግድግዳው 5 ሴንቲ ይራቅ፤ ቤዝ ላይ ይረዳል፣ በክረምትም ጥጡ አይሻግትም። ከስፒከሩ እስከ ወንበሩ ወፍራም ምንጣፍ፣ ለመስኮቱ የስፋቱን እጥፍ የሆነ መጋረጃ።

የደሴቱ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ሁለቱም ስፒከሮች ከኋላ ቀዳዳ አላቸው። ሐይቅ ዳር ትንኙ ምሽት ላይ መብራት አይቶ ይገባል፣ ሸረሪቷ ትከተለዋለች። ሳትጠቀምበት ቀዳዳውን በስፖንጅ ድፈነው፣ ስታዳምጥ አውጣው፤ ረስተኸው ከቀረ ቤዙ ይሳሳል። አምፑን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀለው፤ ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው ሲመለስ ነው። ተመልሶ 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሰካው። ለዚህ አምፕ የ1,000 ቪኤ ስታቢላይዘር ይበቃል፣ ግን ሪሌው (ውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ስለሚል ከክፍሉ ውጭ አስቀምጠው።