እያንዳንዱ «የሌላው ሰዓት ዘገየ» የሚል ከሆነ፣ ከመንትዮቹ አንዱ ብቻ እንዴት በዕድሜ ያንሳል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአንጻራዊነትን ንድፈ ሐሳብ በግሌ ማጥናት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የብርሃን ፍጥነት ለማንኛውም ተመልካች አንድ ዐይነት ነው ከሚለው መነሻ ተነሥቼ፣ በሁለት መስተዋቶች መካከል የሚመላለሰውን ብርሃን እንደ ሰዓት በመቁጠር፣ የሚንቀሳቀስ ሰዓት ለምን እንደሚዘገይ የሚያሳየውን ቀመር ራሴ እስከ ማውጣት ደርሻለሁ። ለዚህ ሁሉ የፓይታጎረስ ሕግ ብቻ መብቃቱ እስካሁን ይገርመኛል።

የተቸገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በታወቀው የመንትዮች ምሳሌ አንዱ በጠፈር መንኮራኩር በከፍተኛ ፍጥነት ሄዶ ይመለሳል፤ ሌላው በምድር ይቀራል። እንቅስቃሴ አንጻራዊ ከሆነ፣ በመንኮራኩሩ የሚጓዘው ሰው «እኔ ቆሜያለሁ፤ እየራቀች ያለችው ምድር ናት» ቢል የሚከለክለው የለም። እንዲህ ከሆነ ለእርሱ የሚዘገየው የምድር ሰዓት ነው፤ በምድር ለቀረው መንትያው ደግሞ የሚዘገየው የመንኮራኩሩ ሰዓት ነው። ታዲያ ተጓዡ ተመልሶ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ተጓዡ ነው የሚባለው በምን ምክንያት ነው? ወይስ መዘግየቱ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚመስል ነገር እንጂ እውነተኛ አይደለም?

መላሽ 1፦
ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። መዘግየቱ እውነተኛ ነው፤ ለዚህም ከሚዩዮን የተሻለ ምስክር አላውቅም። ሚዩዮን ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች ከከባቢ አየር ጋር ሲጋጩ የሚፈጠር ቅንጣት ሲሆን፣ አማካይ ዕድሜው 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 660 ሜትር ያህል ነው። ሚዩዮኖች ግን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተፈጥረው በብዛት መሬት ይደርሳሉ። ፍሪሽና ስሚዝ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት በ1963 ባሳተሙት ሙከራ፣ በአሜሪካ በሚገኘው የዋሽንግተን ተራራ አናት ላይ በየሰዓቱ 560 ያህል ሚዩዮኖችን ከቆጠሩ በኋላ፣ ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ብለው በባሕር ወለል ከፍታ ቆጠራውን ደገሙት። የጊዜ መለጠጥ (የሚንቀሳቀስ ሰዓት መዘግየት) ባይኖር 30 እንኳ የማይሞሉ ሚዩዮኖች ይቀሩ ነበር፤ የቆጠሩት ግን ከ400 በላይ ነው። ቅንጣቱ በሕይወት መድረሱ ደግሞ መምሰል ሊባል አይችልም።

ስለ መንትዮቹ ግን መልሱ አጭር ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ምክንያቱም መንኮራኩሩን አዙሮ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። ሲዞር የሚሰማው ግፊት በምድር ያለውን ሰው አይነካውም።

ጠያቂ፦
ስለ ሚዩዮኑ አመሰግናለሁ፤ አሳማኝ ነው። ሁለተኛው መልስ ግን አላረካኝም። መዞሩ አንድ ቀን ብቻ ይፈጃል እንበል። ጉዞውን በእጥፍ ባስረዝመው የዕድሜ ልዩነቱም በእጥፍ ያድጋል፤ መዞሪያዋ አንድ ቀን ግን ያው አንድ ቀን ናት። የአንድ ቀን ግፊት የብዙ ዓመታትን ልዩነት እንዴት ሊፈጥር ይችላል?

መላሽ 2፦
ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ «ግፊት ተሰማው» የሚለው መልስ ከሁለቱ የተለየው ማን እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ አያስረዳም። በቁጥር እንየው።

ተጓዡ ደርሶ የሚመለስበት ኮከብ ከምድር በ8 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ይሁን (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)፤ መንኮራኩሩም በመሄጃውም በመመለሻውም በብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ ይጓዝ። በምድር ሰዓት መሄጃው 10፣ መመለሻው 10፣ በድምሩ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ፍጥነት የተጓዡ ሰዓት ለእያንዳንዱ የምድር ዓመት 0.6 ዓመት ብቻ ስለሚቆጥር፣ ለእርሱ መሄጃው 6፣ መመለሻው 6፣ በድምሩ 12 ዓመት ነው። አሁን መንትዮቹ በየራሳቸው ሰዓት በዓመት አንድ ጊዜ የራዲዮ ምልክት እየላኩ ይለያዩ። ይህን የማደርገው፣ አንዱ ስለ ሌላው ከሚያሰላው ይልቅ በገሃድ የሚደርሰውን እንድንቆጥር ነው፤ ክርክሩ የሚወሳሰበው ሁለቱን በማደባለቅ ይመስለኛል።

እየተራራቁ ሳሉ ምልክት የሚደርሳቸው በየ3 ዓመቱ አንዴ ነው፤ እየተቀራረቡ ሲመጡ ደግሞ በዓመት 3 ጊዜ ይደርሳቸዋል። እስከዚህ ድረስ አንዱ ከሌላው በምንም አይለይም፤ እርስዎ ያነሡት እኩልነት ሳይጓደል እንዳለ ነው። የሚለያዩት ዝግተኛው ወቅት በሚያበቃበት ጊዜ ነው። ተጓዡ በመሄጃው 6 ዓመት 2 ምልክቶችን ይቀበላል፤ እንደ ዞረ ምልክቶቹ ወዲያውኑ ይፈጥኑለትና በመመለሻው 6 ዓመት 18 ይቀበላል፤ ድምሩ 20 ነው። በምድር ያለው ግን ወንድሙ በ10ኛው ዓመት ቢዞርም፣ ከመዞሪያው የተላከው ምልክት 8 የብርሃን ዓመት አቋርጦ የሚደርሰው በ18ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ 18 ዓመት ሙሉ በየ3 ዓመቱ አንድ እየተቀበለ 6 ምልክቶችን ይቆጥራል፤ በቀሩት 2 ዓመታት 6 ይጨምርና ድምሩ 12 ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ መዝገባቸውን ቢያመሳክሩ፣ ተጓዡ 12 ዓመት ኖሮ የ20 ዓመት ምልክት ስለ ተቀበለ፣ ሌላው ደግሞ 20 ዓመት ኖሮ የ12 ዓመት ምልክት ስለ ተቀበለ፣ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም።

ተጓዡ በቀመሩ ብቻ ቢያሰላ ደግሞ «በ6 ዓመቴ በምድር ያለፈው 3.6 ዓመት ነው፤ ስመለስም ሌላ 3.6» ብሎ 7.2 ላይ ይደርሳል፤ 12.8 ዓመት ይጎድለዋል። የተሳሳተው «አሁን» የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ መስሎት ነው። በተለያየ ፍጥነት የሚጓዙ ሰዎች በሩቅ ቦታ «አሁን» የሚሆነው የትኛው ቅጽበት እንደሆነ አይስማሙም። ከመዞሩ በፊት በእርሱ አቆጣጠር በምድር «አሁን» 3.6ኛው ዓመት ነበር፤ ከዞረ በኋላ 16.4ኛው ዓመት ነው፤ የጎደለው 12.8 ዓመት ይህ ዝላይ ነው። በምድር በዚያች ቅጽበት የሆነ አንዳች ነገር የለም፤ የተለወጠው የእርሱ አቆጣጠር ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ይህ ዝላይም በእጥፍ ያድጋል፤ የእርስዎ የአንድ ቀን ጥያቄም መልሱ ይኸው ነው።

መላሽ 3፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ግፊት ራሱ ሰዓትን እንደማያዘገይ በሙከራ ታይቷል። በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን በተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በ1977 በወጣው ውጤት፣ በክብ መስመር የሚሽከረከሩ ሚዩዮኖች አማካይ ዕድሜ 29 ጊዜ ያህል ረዝሞ ወደ 64 ማይክሮ ሰከንድ ደርሷል። ይህ ቁጥር ከፍጥነታቸው ብቻ ከሚሰላው ጋር ይገጥማል። ቅንጣቶቹ ያለማቋረጥ ሲታጠፉ የነበራቸው ፍጥንጥነት (ግፊቱን የሚፈጥረው የፍጥነት ወይም የአቅጣጫ ለውጥ) ከምድር ስበት በቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ የሚበልጥ ቢሆንም በዕድሜያቸው ላይ የጨመረው ነገር አልታየም።

ተለያይቶ መገናኘትም በሰዓቶች ተሞክሯል። ሃፈሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1971 የሲዚየም አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ምድርን አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ ዞሩ። ወደ ምሥራቅ የሄዱት ሰዓቶች በምድር ከቀረው 59 ናኖ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ፤ ወደ ምዕራብ የሄዱት ግን 273 ናኖ ሰከንድ ቀደሙ። የተጓዘ ሁሉ ይዘገያል ብሎ ለያዘ ሰው ሁለተኛው ቁጥር ግራ ያጋባል። በምድር የቀረው ሰዓት ራሱ ከምድር ጋር ወደ ምሥራቅ እየዞረ መሆኑን ካሰብን፣ ከምድር መሐል ሲታይ ወደ ምዕራብ የሚበረው አውሮፕላን ከእርሱ ያነሰ ፍጥነት አለው፤ ስለዚህ በፍጥነት ምክንያት የሚዘገየው በምድር ከቀረው ሰዓት ባነሰ መጠን ነው። በዚህ ላይ ከፍታ ሲጨምር ስበት ስለሚላላ ሰዓት ይፈጥናል፤ ይህኛው የአይንስታይን የ1915ቱ አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ድርሻ ነው። በጂፒኤስ ሳተላይቶች ላይም ሁለቱ ይጣመራሉ፦ በፍጥነት ምክንያት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገያሉ፤ በከፍታቸው ምክንያት 45 ያህል ይቀድማሉ፤ የተጣራው 38 የሚሆን መቅደም ካልታረመ የቦታ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምልክቶቹን ቆጠራ በሌላ ቁጥር ልሞክረው ብዬ ኮከቡን በ3 የብርሃን ዓመት ርቀት፣ ፍጥነቱንም በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ አደረግሁት። በምድር 10 ዓመት፣ በመንኮራኩሩ 8 ዓመት ይሆናል፤ ምልክቶቹም ሲራራቁ በየ2 ዓመቱ አንዴ፣ ሲቀራረቡ በዓመት 2 ጊዜ ይደርሳሉ። ተጓዡ 2 እና 8 ተቀብሎ 10 ሲቆጥር፣ በምድር ያለው በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት 4፣ በቀሩት 2 ዓመታት ሌላ 4 ተቀብሎ 8 ይቆጥራል። የዝላዩን ስሌት ገና አልሠራሁትም፤ ማታ እሞክረዋለሁ።

መላሽ 2፦
3.6 ዓመት ካገኙ ትክክል ነዎት።