የባዚላር ጫፍ አኑሪዝምና ቀጫጭኖቹ ፐርፎሬተሮች

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ጀማሪ ሬዚደንት ነኝ። የአንጎል ግንድን በሚመግበው በባዚላር ደም ቅዳ ጫፍ ላይ ስለሚወጣ አኑሪዝም (የደም ሥር ግድግዳ እብጠት) ሳነብ፣ የእብጠቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉም የቀዶ ሕክምናውን አደጋ እንደሚወስን ተረዳሁ። ምክንያቱን ብታብራሩልኝ? ኮይል (በደም ሥር ውስጥ ገብቶ እብጠቱን የሚሞላ ቀጭን የብረት ሽቦ) በተስፋፋበት በዚህ ዘመንስ ፐርፎሬተሮቹን፣ ማለትም ከዚያ የሚወጡትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች፣ በዝርዝር ማጥናት ይጠቅማል?

መልስ 1፦
ችግሩ ያለው ከጀርባ በኩል ነው። ባዚላር በፖንስ (የአንጎል ግንድ መካከለኛ ክፍል) ፊት ሽቅብ ወጥቶ ለሁለት ሲከፈል፣ ከላይኛው ጫፉና ከሁለቱ ቅርንጫፎች መነሻ ጀርባ ታላመስን (በአንጎል መሐል ጥልቅ ያለውን ክፍል) እና መካከለኛውን አንጎል የሚመግቡ ፐርፎሬተሮች ወደ ኋላና ወደ ላይ ይወጣሉ። አብዛኞቹ ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ናቸው፤ እርስ በርስ በበቂ ሁኔታ ስለማይገናኙም አንዱ ሲዘጋ ሌላው አይደርስለትም። ወደ ፊት ያዘነበለ እብጠት ከእነርሱ ይርቃል፤ ወደ ኋላ ባዘነበለው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከአንገቱ (እብጠቱ ከደም ቅዳው ከሚነሳበት ቦታ) ጋር ተጣብቀው ስለሚገኙ፣ ቀዶ ሐኪሙ አንገቱን የሚቆነጥጠውን ክሊፕ ከመዝጋቱ በፊት በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ በአንድ ሊያላቅቃቸው ይገባል። በካናዳዋ ለንደን ከተማ ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ድሬክ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ክሊፕ ያስተዋወቁት፣ ጤናማው ደም ቅዳና ፐርፎሬተሮቹ በቀዳዳው እያለፉ አንገቱ ብቻ እንዲጨመቅ ነበር።

መልስ 2፦
የፐርሸሮንን ደም ቅዳም አይርሱ። በአንዳንድ ሰዎች አንድ ግንድ ብቻ ወጥቶ የሁለቱንም ታላመስ መካከለኛ ክፍል ይመግባል። እርሱ ከተዘጋ ታካሚው ከማደንዘዣ መንቃት የዘገየ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ የዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ ሳይመረምሩ ጥፋቱን ወደ መድኃኒቱ ማላከክ አይገባም። በአንጂዮግራፊ (በደም ሥር ምስል) አለመታየቱም የለም ለማለት አያበቃም።

መልስ 3፦
ሁለተኛው ጥያቄ ሳይነካ ቀርቷል። ኮይል እብጠቱን ከውስጥ ስለሚሞላ ፐርፎሬተሮቹን ከውጭ ማላቀቅ አያስፈልግም፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ነገር ግን አንገቱ ሰፊ ሲሆን ስቴንት (በደም ሥር ውስጥ የሚዘረጋ ደጋፊ ቱቦ)፣ አልፎ አልፎም ደምን ከእብጠቱ የሚያርቅ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይገባል። ይህ መረብ በባዚላር ግንድ ውስጥ ሲዘረጋ ፖንስን የሚመግቡትን ቅርንጫፎች አፍ ይሸፍናል። ደም የሚፈልግ ሕብረ ሕዋስ ከፊታቸው ስላለ ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ ሆኖም መረብ በመረብ ላይ ሲደረብ ወይም ታካሚው የደም መርጋትን የሚከላከሉትን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ያለጊዜው ሲያቋርጥ የመዘጋት ዕድላቸው ይጨምራል። በእኔ እምነት፣ ሌላ አማራጭ እያለ በዚያ ቦታ መረብ መዘርጋት ድፍረት ነው።